እትዬ ሰዓዳና ከላይ የታየው ጫካ

የእትዬ ሰዓዳን ማረፍ የሰማሁት ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ነው። ላኪው ቀድሞ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከእሳቸው ሥር ይሠራ የነበረው ኢብሳ ሲሆን፣ በስልኬ የደረሰኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «እትዬ ሰዓዳ ትናንት መቱ ላይ አረፉ። ቀብራቸውም ተፈጽሟል። ልጃቸው ሀያት እናቷ ሥራ ላይ ሳሉ የተነሡት ፎቶ ካለ ብላ ለመነችኝ። ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ግን አጉልቼ አጉልቼ ብፈልጋቸው አጣኋቸው። እስቲ አንተ ሞክር።»

ፎቶግራፉ የተነሣው ከሁሩሙ ወደ ውስጥ በእግር በሚገባባት በአንዲት ቀበሌ፣ በአዳራሹ ደጃፍ ነው። ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላፕቶፕ፤ ከጀርባው በግድግዳ ላይ በምስማር የተለጠፈ ትልቅ ካርታ፤ በዙሪያው ሕዝብ። ምስሉን በሁለት ጣቶቼ እየለጠጥኩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሄድኩ። ኢብሳን አገኘሁት፤ ያኔ ቀጭን ነበር። ከቀበሌዋ ሰዎች መካከል ኦቦ ተሬሳን አገኘኋቸው። አዴ ጫልቱን በነጠላቸው ለየኋቸው። የራሴንም ጆሮና ግማሽ ጉንጭ አገኘሁ። እትዬ ሰዓዳ ግን የሉም። ይህ ነገር አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር እሳቸውን የማያቸው በሰዎቹ መካከል፣ በጠረጴዛው ራስጌ ቆመው ነው። ቢያስምሉኝ እምል ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሲያነብ ይህን ጥርጣሬዬን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። አንዳንዱን በዐይኔ አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ኢብሳ ነግሮኛል፤ ከዓመታት በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ተስኖኛል። ነገርን ወደ ዐይን ባስጠጉት መጠን እየጠራ ይሄዳል ብዬ አምን ነበር። ከእትዬ ሰዓዳ ጋር ከሠራሁ ወዲህ እንዲህ ያለውን እምነት ትቻለሁ።

እትዬ ሰዓዳ የመቱ ተወላጅ ነበሩ። አባታቸው በከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ግን መደብሩን ለወንድሞቻቸው ትተው ጂኦግራፊ አጠኑ፤ ለረጅም ዓመታት አስተማሩ፤ በኋላም ወደ መሬት አስተዳደር ተዛውረው የካርታ ሥራ ቡድን መሪ ሆኑ። ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ የቀርከሃ ዘንግ ብቻ ነበር፤ ካርታ ይጠቁሙበት የነበረ፣ ጫፉ በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ። መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሲያነቡ ያጠልቁታል፤ ምስል ሲያዩ ግን መጀመሪያ ያወልቁትና ጥቂት ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ከዚያ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታቸው አዲስ ሰው ያስጨንቅ ነበር።

ልማዱን ከአባታቸው መደብር እንዳመጡት አንድ ቀን አጫወቱኝ። «አባባ ጣቃውን ፈትቶ በደጁ ላይ ይዘረጋዋል። ደንበኛዋ ልትዳስሰው እጇን ስትሰድ፣ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ወደ መንገዱ ወጥተሽ እዪው› ይላታል። ወጥታ ታያለች። ክሩን እንድትነካ የሚፈቅድላት ከዚያ በኋላ ነው። ከቅርብ ብቻ አይታ የገዛች ሴት ቤቷ ስትደርስ አበባው ተገልብጦ ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ የምትሰድበው ማንን መሰለህ? አባባን!»

እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነበር። ወደ እትዬ ሰዓዳ ቡድን የተላክሁበት ጉዳይ ቀላል ይመስላል፦ ከአውሮፕላን የተነሣን የመሬት ምስል በኮምፒውተር የሚያጎላው ፕሮግራም ለገጠር ሥራ ምን ያህል እንደሚመች አይቶ ሪፖርት መጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ችሎታዬን ላሳያቸው ፈልጌ የመቱን ከተማ ከፈትሁና የማውሱን ጎማ እያሽከረከርኩ ወደ ሰፈራቸው ወረድኩ። ምስሉ ደብዘዝ አለ፣ ጠራ፣ ደግሞ ደበዘዘ፤ በመጨረሻም አንድ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ጣሪያ መላውን የኮምፒውተር መስኮት ሞላው።

«ይኸው የእርስዎ ቤት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወደ ኋላ ራመድ አሉ።

«ጣሪያዬ እንዲህ አዲስ ከሆነ እሰየው ነው» አሉ። «ዝናቡ ግን ወሬውን አልሰማም መሰለኝ፤ ትናንትም ሌሊቱን ሙሉ ሲገባ ነበር ያደረው።»

ኢብሳ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ። ያሳየኋቸው የጎረቤታቸውን ጣሪያ ነበር። ምስሉ በጎላ ቁጥር ሳላውቀው ወደ ጎን ሸርተት ይል እንደነበር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በትልቁ ያየሁትን ጣሪያ በትክክል አይቼው ነበር፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። እትዬ ሰዓዳ ግን ሳቃቸውን ጨርሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ በኋላ አብረን በዞርንባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ሲደጋግሙት የሰማሁት ጥያቄ ነው፦ «አሁን የት ነው ያለነው?»

ሥራው እንዲህ ነበር። ገበሬው የመሬቱን ድንበር በምስሉ ላይ ያሳያል፤ ባለሙያው መስመሩን ያሰምራል፤ ካርታው ታትሞ ለጥቂት ቀናት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅር ያለው ይናገራል፤ ተቃዋሚ ከሌለ የይዞታ ማረጋገጫው ይሰጣል። በእርሻ መሬት ላይ ይህ አያስቸግርም፤ ዳሩም ቦዩም ከላይ ይታያል። የኢሉባቦር ቡና ግን የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ቡና የለም፣ መንገድ የለም፣ አጥር የለም፤ ያለው አረንጓዴ የዛፍ ራስ ብቻ ነው፤ እንደ ተደረደረ ጎመን። ጫካቸውን ከሥሩ፣ ግንድ በግንድ የሚያውቁ ሰዎች ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ እንግዳ ይሆናሉ። አንዳንዱ ሽማግሌ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ይጠጋል። ምስሉ እንዲጎላላቸው ሲፈልጉ በኦሮምኛ «ፊዲ!» ይላሉ፤ አምጣው እንደ ማለት ነው። ሁሉም «ፊዲ!» ይላል፤ ማንም «ዴቢሲ»፣ መልሰው፣ አይልም። እትዬ ሰዓዳ ብቻ ነበሩ «ዴቢሲ» የሚሉት። እንዲያውም በአንዳንድ ቀበሌ ሰዉ ስማቸውን ሳያውቅ «ዴቢሲ የሚሉት ሴትዮ መጡ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የአዴ ጫልቱና የኦቦ ተሬሳ ጉዳይ የተነሣው ካርታው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ነው። አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ኑሯቸው በአንድ የቡና ጫካ ላይ የቆመ ሴት ነበሩ። ኦቦ ተሬሳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ቡናም አላቸው፤ የሚታወቁት ግን በንባቸው ነው። በዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ኦቦ ተሬሳም ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ እንኳ በገመድ እየወጡ ቀፏቸውን የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ሁለቱን ጫካዎች የሚለየው አንድ ግዙፍ ቀረሮ ነው። ዛፉ የድንበር ነው፤ ቀፎዎቹ የኦቦ ተሬሳ ናቸው፤ ማር በተቆረጠ ቁጥር ግን ለአዴ ጫልቱ ቤት ድርሻ ይሄዳል። ይህ በአባቶቻቸው ዘመን የተደረገ ስምምነት ነበር፤ ተጣልተውበት አያውቁም።

ከሳምንታት በፊት ሁለቱም በኢብሳ ላፕቶፕ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንበራቸውን አሳይተዋል። ኢብሳ አጎላ፤ እነሱ «ፊዲ፣ ፊዲ» አሉ፤ አንድ ትልቅ ክብ የዛፍ ራስ መስኮቱን ሞላው። «ይኸው ቀረሮው!» አሉ ኦቦ ተሬሳ። «ይኸው» አሉ አዴ ጫልቱም። ሁለቱም ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ።

ካርታው በተለጠፈበት ቀን አዴ ጫልቱ ከግድግዳው ፊት ቆመው ቀሩ። ሌላው እያየ ሲሄድ እሳቸው አይንቀሳቀሱም። እትዬ ሰዓዳ ጠጋ አሏቸው። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ በአማርኛ የማስቀምጠው እንደማስታውሰው ነው።

«ምነው አዴ? አንድ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ታዲያ ምን አስቆመዎት?»

አዴ ጫልቱ በጣታቸው ቤታቸውን ነኩ፤ ከዚያ ድንበሩን። «ከቤቴ ተነሥቼ ቀረሮው ድረስ ስሄድ መንገድ ላይ አረፍ እላለሁ። እንጨት ተሸክሜ ስመለስም እዚያው አርፋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የማርፍበት የለም። ከቤቴ ወጣሁ፣ ደረስኩ።»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ኦቦ ተሬሳ ግን አልሳቁም።

«በጣትሽ ፈርመሻል እኮ! አብረን አይደለም ወይ ያየነው? በዚህ ዐይናችን!»

«አይተናል።»

«ታዲያ ሌባው ማነው? አውሮፕላኑ ነው ወይስ እኔ?»

«ሌባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ምን አልሽ ታዲያ?»

«አጠረብኝ ነው ያልኩት፣ ተሬሳ።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ካርታው እንዲህ እንዳለ ከጸደቀ ከአዴ ጫልቱ ጫካ አንድ ሰፊ ቁራሽ መሬት ወደ ጎረቤታቸው ይዞራል፤ ያ ቁራሽ ደግሞ ዝናብ ባጠረ ዓመት እንኳ ቡናው የማይከዳበት እርጥቡ ቦታ ነው። ከሕዝቡ አንዱ «ዛፉ ቆሞ የለም ወይ? ሁላችንም እናውቀው የለም ወይ? ወረቀት ዛፍ ይነቅላል?» ብሎ ሊያበርድ ሞከረ። እትዬ ሰዓዳ ወደ እሱ ዞር አሉ።

«ዛሬ አይነቅልም። ቀረሮው የወደቀ ዕለት፣ እነዚህ ሁለቱም የሌሉ ዕለት፣ ልጆቻቸው ይዘው የሚከራከሩት ይህን ወረቀት ነው። ያኔ ሄደን የምንጠይቀው ዛፍም ሰውም የለም።»

እሳቸውም ኢብሳን ጠርተው ላፕቶፑንና ፕሮጀክተሩን ወደ አዳራሹ አስገቡ፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፈኑ። ኢብሳ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ዛፉ ወረደ።

«ምን አስቸኮለህ፣ ልጄ? ዴቢሲ።»

መለሰው።

«ደግሞ።»

«እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከሄድን ዛፉ አይለይም።»

«ዛፉን ማን ጠየቀህ? ዴቢሲ!»

ቀበሌዋ በሙሉ አንሶላው ላይ እስክትታይ ድረስ አስመለሱት። ከዚያ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙና ሕዝቡን «አሁን የት ነው ያለነው?» አሉ። ከዚያ አንዱ የመስጊዱን ቆርቆሮ አገኘ። ሌላው ትምህርት ቤቱን። አንዲት ሴት «ጨፌው! ጨፌው ያ ነው!» አለች፤ እርጥቡን የሣር ሜዳ፣ እንደ ማጭድ የሚታጠፈውን። አዳራሹ ገበያ መሰለ። ሰዎች ከአፍንጫቸው ሥር ያጡትን አገራቸውን ከሩቅ አገኙት።

ጩኸቱ በረድ ሲል እትዬ ሰዓዳ ኦቦ ተሬሳን ወደ ፊት ጠሩ።

«ኦቦ ተሬሳ፣ እዚህ ከተሰበሰበው ሰው ይህን ጫካ ከላይ ያየው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔ? አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«በገመድ ወጥተዋል።»

ሕዝቡ ሳቀ። ኦቦ ተሬሳም፣ ቁጣቸውን ሳይተዉ፣ ደስ አላቸው።

«ቀፎውን ሊሰቅሉ ቅርንጫፉ ላይ ሲቀመጡ ፊትዎን ወዴት አድርገው ነው?»

«ወደ ፀሐይ መውጫ ነዋ። የምወጣው በጠዋት ነው፤ ፀሐዩ እዚህ ግንባሬን ይለኛል።»

«ከዚያስ? ምን ይታያል?»

«ምን የማይታይ አለ! የመስጊዱ ቆርቆሮ በዚህ፣ በቀኜ በኩል ያበራል። የጨፌው መታጠፊያ ደግሞ በዚህ በግራዬ። አንድ ጊዜ ሚስቴ እዚያ ሣር ስታጭድ አይቻት ብጣራ ብጣራ አልሰማችኝም።»

«ሰምታዎታለች፤ አልፈለገችም እንጂ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

እትዬ ሰዓዳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ኢብሳ ያሰመረው ድንበር ካረፈበት የዛፍ ራስ ላይ የዘንጋቸውን ጫፍ አሳርፈው፣ ዘንጉን ወደ ፀሐይ መውጫ አጋድመው ያዙት። ወደ ምሥራቅ ለዞረ ሰው ከዘንጉ በላይ ያለው ግራ እጁ፣ በታች ያለው ቀኝ እጁ መሆኑን፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ በዝግታ አስረዱ። መስጊዱም የጨፌው መታጠፊያም ሁለቱም ከዘንጉ በላይ ነበሩ። ዘንጉን አነሡና በኦቦ ተሬሳ ቤት አቅጣጫ ራቅ ብሎ ወደሚታይ ሌላ የቀረሮ ራስ ወሰዱት። መስጊዱ ከዘንጉ በታች፣ በቀኝ፤ መታጠፊያው ከዘንጉ በላይ፣ በግራ፤ ልክ ኦቦ ተሬሳ እንዳሉት።

ጄኔሬተሩ ብቻ ይጮሃል። ኦቦ ተሬሳ አንሶላውን አዩ፤ ከዚያ አዴ ጫልቱን አዩ፤ ከዚያ እንደገና አንሶላውን።

«ምስሉ አንድ ይላል፣ አፌ ሌላ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ነገ ጠዋት ወጥቼ አያለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት የሆነውን ስጽፍ እጄ ያመነታል። ኢብሳ አንተም ነበርክ ይለኛል። እኔ ዘንድ ያለው ግን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሥዕል የለውም። ገመድ ግንድ ሲፈትግ ይሰማኛል፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፤ ከሥር የቆሙ ሰዎች «ቀስ! ቀስ!» ሲሉ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። በዚያ ከፍታ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያየውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሆኖ ወደ ቀኙና ወደ ግራው ሲመለከት፣ ወደ ታች የሚወርድለት ቃል ጎረቤቱን የሚጠቅም፣ እሱን የሚጎዳ መሆኑን እያወቀ። ዝም ብሎ ሊወርድ፣ «ቅጠሉ ጋረደኝ» ሊል ይችል ነበር፤ ማን ወጥቶ ያስተባብለዋል? ከላይ የመጣው ድምፅ ግን ይህ ነበር፦

«በቀኝ ነው! ቆርቆሮው በቀኝ ነው! ጫልቱ፣ ትሰሚያለሽ? ጨፌውም በግራ!»

«እሰማለሁ!» አሉ አዴ ጫልቱ። «አሁን ውረድ፤ አጥንትህ ልጅ አይደለም!»

ድንበሩ ወደ ትክክለኛው ቀረሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ስህተቱ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ከኢብሳ ጋር ያንን ቀን ደግመን ሠራነው። ምስሉን የሚያጎላው የማውስ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ምስሉ ጠቋሚው ወዳለበት ይሳባል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ጣታቸውን ሲቀስሩ ኢብሳ ጠቋሚውን ይዞ ጣታቸውን ይከተላል፤ በዚህ መካከል ጫካው ከሥራቸው ሸሽቷል። በትልቁ ሲታይ ደግሞ ቀረሮ ሁሉ ቀረሮ ነው። ኢብሳ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊጭን ሲጀምር እትዬ ሰዓዳ አቋረጡት። «አንተም አልተሳሳትክ፣ እነሱም አልዋሹ። ሁላችሁም ጥሩ አድርጋችሁ አያችሁ። የት ሆናችሁ እንደምታዩ የሚነግራችሁ ነው ያጣችሁት። እሱን እናበጅለታለን።»

ያበጁለት መላ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የቀበሌዋን ሙሉ ምስል በትንሽ ወረቀት አሳትመው ከላፕቶፑ ጎን ጠረጴዛው ላይ ለጠፉ፤ በወረቀቱ ላይ አንዲት የቡና ፍሬ አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ምስል ሲሄድ ፍሬዋም በወረቀቱ ላይ አብራ ትሄዳለች፤ የምታንቀሳቅሳት ግን ባለሙያው አይደለም፤ ከቀበሌው የተመረጠ አንድ ሽማግሌ ነው። ፍሬዋ ባለችበት ቦታ ሁሉም ሳይስማማ መስመር አይሰመርም። «ፍሬዋ የት ናት?» የሚለው ጥያቄ «አሁን የት ነው ያለነው?» የሚለውን ተካ። የመጀመሪያው የፍሬ ጠባቂ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ተሬሳ! እትዬ ሰዓዳ ራሳቸው መረጧቸው። ኦቦም ፍሬዋን እንደ እንቁላል በጣታቸው ይዘው፣ ኢብሳ በፈጠነ ቁጥር «ቁም! እኔ ገና አልደረስኩም!» እያሉ ያስቆሙት ነበር። የማጉያውን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ድንበሩ ሰው ሳያየው የሸሸ መሬት አላየሁም።

ይህንኑ በሪፖርቴ ጻፍኩ፦ ተጠቃሚው ምስሉን ሲያጎላ ሙሉው ምስል በመስኮቱ ጥግ በትንሹ ይቆይለት፤ በዚያ ውስጥ ያለበት ቦታ በሳጥን ይታይለት፤ በአንድ ንክኪ ወደ ሙሉው የሚመለስበት ይኑረው። በኋላ በመጣው ፕሮግራም ላይ ጥግ ያለችው ትንሽ መስኮት ነበረች። ከእኛ ሪፖርት የመጣች ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለብዙ ሰው ሊመጣ ይችላል። መቱ ውስጥ ያሉ ወጣት ባለሙያዎች ግን «የሰዓዳ መስኮት» እንደሚሏት ኢብሳ ነግሮኛል።

አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። እትዬ ሰዓዳ ኦቦ ተሬሳን ያን ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱ ወዴት እንደሚወስድ አስቀድመው ያውቁ ነበር? ሰውየውን በገዛ አፋቸው አስመስክረዋቸው ይሆን? አንድ ቀን ከቡሬ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ዛፉ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር» አሉ። «ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።»

እንዲህ ያሉኝ ይመስለኛል። ወይም እንዲህ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጅማ ተነሥቼ መቱ የገባሁት በሐዘኑ ማብቂያ ነው። ሀያት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ጎልማሳ ሴት ሆናለች፤ ያየኋት ተማሪ ሳለች ነበር። እንግዳው ጋብ ሲል አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬን እኔ የማውቃት እቤት ነው» አለችኝ። «ስትቆጣ፣ ስትሰግድ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ስትደቅን። ሥራ ላይ ምን እንደምትመስል አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ሰሞኑን የሚያወራልኝ ስለማላውቃት ሴት ነው። አንድ ጊዜ ባያት ብዬ ነው።»

ስልኬን ሰጠኋት። እንደ ኢብሳ፣ እንደ እኔም፣ ምስሉን በሁለት ጣቶቿ ለጠጠችና ከፊት ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። ሄደች፣ ተመለሰች። ፊቶቹ በጎሉ ቁጥር እየሟሙ ትንንሽ ካሬዎች ሆኑባት።

«የለችም» አለች። ስልኩን ልትመልስልኝ ዘረጋች።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። ምናልባት ጠረጴዛው ላይ መነጽራቸውን፣ ከነክሩ፣ አይቼ ይሆናል።

«መልሺው» አልኳት። «ሙሉው እስኪታይ መልሺው።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቅ አለች። «እንደ እሷ ተናገርክ። ዐይኗ ከደከመ በኋላ የልጆቼን ፎቶ ሳጎላላት ‹መጀመሪያ መልሰሽ አሳዪኝ፤ የት ሆነው ነው የተነሡት?› ትለኝ ነበር።»

መለሰችው። ሁለታችንም በአንድነት ጎንበስ ብለን አየን፤ እኔም ያን ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ ካየሁት በኋላ ያየሁት ያኔ ነው። ከሕዝቡ ወደ ካሜራው የሚመለከት አንድም ሰው የለም። ኦቦ ተሬሳ ጣታቸው ፍሬዋ ላይ ነው፤ ፊታቸው ግን ወደ ቀኝ ዞሯል። አዴ ጫልቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ ወደ ቀኝ ያያሉ። ኢብሳም፣ የእኔ ግማሽ ጉንጭም። ሁሉም ከምስሉ ውጭ የቆመን አንድ ሰው እያየ ይስቃል። በቀኙ ጠርዝ፣ ምስሉ ሊያልቅ ሲል፣ ጫፉ በቀይ የተጠቀለለ የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ ካርታውን ይጠቁማል።

እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ሙሉውን ለማየት ወደ ኋላ ራመድ ብለው ነበር።

ሀያት ተነሥታ ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ሄደች፤ ስልኩን በተዘረጋ እጇ ከዐይኗ አራቀችው፤ ዐይኗን ጠበብ አደረገች።

«ምን ብላቸው ነው እንዲህ የሚስቁት?»

መልስ ነበረኝ። ለኦቦ ተሬሳ «መሬቱን መለሱ፤ ማሩንስ መቼ ነው የሚያቀምሱን?» ብለዋቸው እንደነበር አስታውሳለሁ። ነገር ግን ይህ በዚያ ቀን ይሁን በሌላ፣ ወይም እኔ ራሴ ቀስ በቀስ የሠራሁት ይሁን፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

«እኔ በትክክል አላውቅም» አልኳት። «ኦቦ ተሬሳ ያውቃሉ። አርጅተዋል፤ ግን አሉ። አዴ ጫልቱም አሉ።»

«ሁሩሙ ሩቅ አይደለም» አለች፤ ዐይኗን ከምስሉ ሳትነቅል። «ነገ ጠዋት እንሂድ።»